የመንገድ ደብተሩ የመጀመሪያ መስመር

ዳንቴሉ በሾፌሩ ወንበር ላይ ልክክ አለ። ሜርሲ ጠርዙን ወደ ታች ሳብ አድርጋ፣ ሰማያዊው ጥለት መሀል ላይ እንዲውል አስተካከለችው። እናቷ አቻምየለሽ ወንበሩን ሳታየው ነው የሠራችው። መኪናው ገና ሳይገዛ፣ የሜርሲን ታላቅ ወንድም ኤባን አቁማ ጀርባውን በስንዝር ለክታ ነበር የጀመረችው። ኤባ እየተኮረኮረ፣ «እማዬ፣ ለወንበሩ ነው ወይስ ለኔ ሹራብ ነው?» ሲላት፣ «ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው አንተ አይደለህ? ዝም ብለህ ቁም» ብላው ነበር።

ሁለተኛው ዳንቴል ግማሽ ነው። የኪሮሹ መርፌ እንደተሰካበት ከእናቷ ትራስ ሥር ተገኘ። እሱ ከሾፌሩ ጎን ላለው ወንበር፣ ለራሷ ለእናቷ መቀመጫ ነበር። ሜርሲ ምን እንደምታደርገው ስላላወቀች አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ውጭ፣ ግቢው መሀል በተተከለው የልቅሶ ድንኳን ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አዲሱ ነጭ ፒካፕ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም፤ ሜርሲ አሁን ከሾፌሩ ወንበር ላይ ብቻ ነው ያነሣችው። ቁልፉን ከኤባ ስትጠይቀው ውኃ በጀሪካን እየተሸከመ ስለነበር፣ ለምን እንደፈለገችው ሳይጠይቅ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

መኪናው ውስጥ ያለው ሙቀት ያፍናል። መስኮቱ የመኪናው ቁልፍ ካልዞረ ስለማይከፈት ሜርሲ ቁልፉን ሰካችና በትንሹ አዞረችው። ከመሪው ጀርባ ያለው ሰሌዳ በራ። ከታች በኩል መኪናው የሄደበት ኪሎ ሜትር ቁጥር ወጣ።

1806።

መስኮቱን መክፈት ረሳች።

አባቷ ቱፋ በከብት መኪና ከሞያሌ ናይሮቢ ሲመላለስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። መንገዱን እንደ ቤቱ ጓዳ ያውቀዋል። ከናይሮቢ እስከ ቤታቸው በር ሰባት መቶ ሰማንያ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። «ዜሮ የሚል መኪና ሞያሌ ገብቶ አያውቅም» ይል ነበር። «አዲስ የተባለው እንኳ እዚህ ሲደርስ ስምንት መቶ ይላል። ያ አያስረጀውም። የተወለደበት ምልክት ነው።» የራሱን መኪና ሊገዛ ከብቶቹን ሲሸጥ ጎረቤቱ ሁሉ ያገለገለ ግዛ ብሎት ነበር። እሱ ግን እምቢ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው የሰበረውን ስጠግን ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ማንም ያልነዳውን ልይ አላቸው።

ሜርሲ ስምንተኛ ክፍል ናት። መቀነስ አይቸግራትም። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ስድስት ሲቀነስ ሰባት መቶ ሰማንያ አምስት። አንድ ሺህ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ተረፈ። ኤባ መንገድ ቢጠፋው፣ ነዳጅ ፍለጋ ቢዞር፣ ይህን ያህል አይሆንም።

ጎንበስ ስትል እግሯ ሥር ያለው ምንጣፍ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አየች። ምንጣፉን ገለጥ አደረገችው። አሸዋ ነው። የሞያሌ አፈር ቀይ ነው፤ የመንገዱም አቧራ ቀይ ነው። ይሄ ግን እንደ ስኳር ነጭ ነበር። በበሩ ኪስ ውስጥ እጇን ስትሰድ በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ፈታችው። የአውራ ጣት የምታህል፣ ውስጧ ሮዝ የሆነ የባሕር ዛጎል ነበረች።

ከዚያ በኋላ ቀኖቹ አንድ በአንድ መጡባት።

እናቷ ሆዷን ካመማት ወር አልፏት ነበር። ሶሎሎ ሆስፒታል ሄዳ ኦፕራሲዮን እንድትሆን ወረቀት ተጻፈላት። እሷ ግን፣ «አሁን መኪናችን ይመጣ የለም ወይ? እሱ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እኔ ነኝ» አለች። ኤባ ሰኞ መኪናውን ተረክቦ ረቡዕ እንዲደርስ ነበር ቃሉ። ሰኞ ማታ ደውሎ የመኪናው ወረቀት አላለቀም፣ ሐሙስ እደርሳለሁ አለ። ረቡዕ የጎረቤታቸው የዳሃቦ ባል ወደ ሶሎሎ በጭነት መኪና ሲሄድ፣ ጋቢና ውስጥ ቦታ አለኝ ብሎ ደጃቸው ድረስ መጣ። እናቷ ሳቀችበት። «ነገ የራሴ መኪና ይመጣል፤ ዛሬ ያንተ ላይ ልንገጫገጭ?» አለችው።

ሐሙስ ጠዋት ቡናማ ጫማዋን አድርጋ፣ የሆስፒታሉን ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ፣ በሩ ላይ ተቀመጠች። እስኪመሽ ተቀመጠች። የኤባ ስልክ ተዘግቶ ነበር። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ መቆም አቃታት። የአሸዋ መኪና ለምነው አሳፈሯት። መንገድ ላይ ያለችውን ኦዳን ሳያልፉ፣ ራሷ በሜርሲ ጭን ላይ እንዳለ፣ አለፈች።

ቅዳሜ ቀበሯት። እሑድ እኩለ ቀን ላይ ከሰፈሩ መግቢያ ጀምሮ የጡሩምባ ድምፅ ተሰማ። ረጅም፣ የሠርግ የሚመስል። ኤባ ነበር። በመኪናው አፍንጫ ላይ ቀይ ሪባን አሥሮ፣ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ እያወዛወዘ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ድንኳኑን አየ። እጁ መሪው ላይ ስለነበር ጡሩምባው ትንሽ ቆይቶ ነው ያቆመው። ማንም ደውሎ ሊነግረው አልቻለም ነበር። ዜናውን ያነበበው ከድንኳኑ ነው።

ያን ቀን ሜርሲ ከማንም በላይ ያዘነችው ለሱ ነበር።

የመኪናው በር ተከፈተ። ኤባ ነው፤ እጁ እርጥብ ነው።

«እዚህ ነሽ እንዴ? አባዬ እየጠራ…» ብሎ ጀመረና የበራውን ሰሌዳ አየ። ዛጎሏን በእጇ ላይ አየ። ወደ ድንኳኑ ዞር ብሎ ተመለከተና ገብቶ ጎኗ ተቀመጠ። የወንበሩ ላስቲክ ተንኮሻኮሸ። በሩን ዘጋው።

«ሰኞ ነው የተረከብከው» አለች ሜርሲ።

ኤባ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ወረቀቱ ሰኞ አልቋል።»

«ሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ» አለ ኤባ።

ከዚያ ሳትጠይቀው ነገራት። ናይሮቢ የሚኖሩ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ናቸው የጀመሩት። አዲስ መኪና ይዘህ ባሕር ሳታይ ልትመለስ ነው ወይ፣ አንተ የግመል ልጅ፣ ሞያሌ ተወልደህ ሞያሌ ልትሞት ነው ወይ እያሉ ሳቁበት። እሱም ሳቀና በስዋሂሊ ሳዋ፣ እሺ፣ አላቸው። ሞምባሳ ደርሶ መልስ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚፈጀው፣ ከናይሮቢ ሌሊቱን ነድቼ ሐሙስ እደርሳለሁ ብሎ አሰበ። ማክሰኞ ሄዱ። ባሕሩን ሲያይ ግን አንድ ቀን ጨመረ። ስልኩን የዘጋው አባቱ የት ደረስክ ብሎ እንዳይጠይቀው ነበር። ዓርብ ጠዋት ናይሮቢ ተመልሶ ጓደኞቹን አወረደና ወዲያውኑ ወደ ሞያሌ ተነሣ። ከማርሳቢት ወዲህ ያለው አስፋልት ገና ስላላለቀ ሁለት ቀን ፈጀበት።

«ዛጎሏ ለእማዬ ነበረች» አለ። «ጆሮሽ ላይ ስታደርጊው የባሕሩ ድምፅ ይሰማል። ላሰማት ብዬ ነው።»

ሜርሲ ዛጎሏን ጆሮዋ ላይ አላደረገችም።

«ስልክ ስትደውል አሞኛል ብላህ አልነበረም?»

«ትንሽ ይሻለኛል ነው ያለችኝ። ሁልጊዜ እንደዛ ነው የምትለው፤ ታውቂያት የለ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ሁለት ቀን ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ሜርሲ፣ ወላሂ፣ ሁለት ቀን ምን ያደርጋል ብዬ ነው።»

ኤባ ሙስሊም አይደለም፤ ግን የሞያሌ ልጅ ሁሉ የምር ሲምል ወላሂ ይላል። ሜርሲ እንደማይዋሽ አወቀች። ማወቋ ግን ምንም አላቀለለላትም።

«ሐሙስ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ተቀምጣ ዋለች» አለችው። «ቡናማውን። መኪና በሰማች ቁጥር ትነሣ ነበር።»

ኤባ ወደ ሜርሲ አላየም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ሳለ፤ ሌላ ሰው መቀመጫ አምጡ ብሎ ተጣራ። ሜርሲ ወንድሟን ማቀፍ ፈለገች፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት።

ኤባ ራሱን ሲያረጋጋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። አባታቸው ነገ መኪናው ሲመረቅ ቁጥሩን ለመንገድ ደብተሩ ያስነብባል። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ የሰው ቅርጽ ያያል እንጂ ቁጥር አያይም። የሚያነብለት ሜርሲ ናት። «ስምንት መቶ አሥራ ሁለት በይው። በቃ። ከዚህ በኋላ እኔ ነኝ የምነዳው፤ ማን ያየዋል?»

«እሱ እኮ እኔ ነኝ የገደልኳት እያለ ነው» አለች ሜርሲ። «አልሰማኸውም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ለሁሉም ሰው ነው የሚለው። ረቡዕ በዳሃቦ ባል መኪና በግድ ላስገባት ሲገባኝ፣ መኪናችን ይምጣ ስትል እሺ አልኳት እያለ ነው።»

ኤባ የበሩን እጀታ ያዘ። «ሚስቱን ቀብሯል። ልጁንም ይቅበር ነው የምትዪው?» አለና ወጣ። በሩን በቀስታ፣ እንደ ሕፃን መኝታ ቤት በር ዘጋው።

ሜርሲ ቁልፉን መለሰችው። ቁጥሩ ጠፋ። ዛጎሏን በናፕኪኑ ጠቅልላ ወደ ነበረችበት ኪስ መለሰቻት።

ማታ አባታቸው ከድንኳኑ ሲገባ ሜርሲን ጠርቶ ከሳጥኑ ውስጥ የመንገድ ደብተሮቹን እንድታወጣ ነገራት። ሃያ ሦስት ደብተር ነው፤ ሽፋናቸው ዘይት የጠጣ። ቱፋ የሰው መኪና ሲነዳ በነበረበት ዘመን ሁሉ ቁጥሩ ሳይጻፍ ጎማ አይንቀሳቀስም የሚል ሕግ ነበረው። ከቤት በተነሣ ቁጥር እሱ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ያነባል፣ አቻምየለሽ ከታች ቆማ ትጽፋለች። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ መድረሻ። አማርኛ መጻፍ ያስተማረችው እሷ ስለሆነች፣ ጽሕፈትህ ዶሮ የጫረው ይመስላል እያለች ደብተሩን አታስነካውም ነበር። ሜርሲ ገጾቹን ስትገልጥ ሁሉም የእናቷ እጅ ነው። ኢሲዮሎ። ናይሮቢ። ማርሳቢት። ናይሮቢ። ክብ ክብ ፊደሎች፣ አንድም ስርዝ የሌለባቸው።

ከሥር አንድ ያልተጻፈበት ደብተር ነበር። እናቷ ሽፋኑ ላይ «የራሳችን መኪና» ብላ ጽፋበታለች።

«ነገ ሰባት ቀኗ ነው» አለ አባቷ። «ጠዋት ጃልደሳ የምርቃቱን ወተት መኪናው ላይ ያፈስሳል። ከዚያ ሶሎሎ እንሄዳለን።»

«ሶሎሎ ምን እናደርጋለን፣ አባዬ?»

«ምንም። እናትሽ የጀመረችውን መንገድ ጨርሰን እንመለሳለን።»

ሜርሲ ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛ ተኛች። ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ብላ በልቧ ስትለማመድ አፏ ላይ ቀላል ሆነባት። ያ ነው ያስፈራት፤ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ስድስትን ደግሞ ሞከረች። ሁለተኛውን ቃል ሳትጨርስ የአባቷ ፊት መጣባት።

ጠዋት ሽማግሌው ጃልደሳ በጮጮ ወተት ይዘው መጡ። በሞያሌ አዲስ መኪና እንደ አዲስ ጥጃ ነው፤ ሳይመረቅ ደስ ብሎት የሚሳፈርበት የለም። ጃልደሳ ከፊት ጎማ ጀምረው በአራቱም ላይ ወተት አፈሰሱ፤ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በኦሮምኛ ሰላም ለመኑለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሴቶች እልል ይሉ ነበር። አሁን ሁሉም ዝም ብሎ ቆመ። ወተቱ በጎማው ጥርስ መሀል ወርዶ ቀዩ አፈር ጠጣው። ኤባ ሪባኑን ፈቶ ኪሱ ከትቶታል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል።

ቱፋ በሩን በእጁ ፈልጎ ከፈተና የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣ። ቁጥሩ እስኪጻፍ ብቻ ልቀመጥበት ብሎ ነው። ጀርባውን ሲያስደግፍ ቆም አለ። እጁን ወደ ኋላ ልኮ ዳንቴሉን ዳበሰው፣ ጠርዙን፣ ከዚያ ጥለቱን።

«ይሄ የሷ ነው» አለ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ጎኔ ያለውስ?»

«አላለቀም።»

ቱፋ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ያላየውን መኪና በጣቶቹ እየተዋወቀ ትንሽ ቆየ። «ደብተሩን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ቀኑን ጻፊ። መድረሻ ሶሎሎ በይ።»

ሜርሲ እናቷ ትቆምበት በነበረው ቦታ፣ ከበሩ ሥር ቆማ ጻፈች። እንደ እናቷ ክብ አልሆነላትም፤ ግን ንጹሕ ነበር። በቀኑና በመድረሻው መሀል ባዶ ቦታ ቀረ።

አባቷ ቁልፉን አዞረ። ሰሌዳው በራ። «አሁን ቁጥሩን አንብቢልኝ፣ የኔ እናት።»

ከልጅነቷ ጀምሮ የኔ እናት እያለ ነው የሚጠራት።

ሜርሲ ቁጥሩን አየች። ከመኪናው ማዶ ኤባ በመስኮቱ ያያታል። አልለመናትም፤ ከንፈሩ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እንደዚያ ፈርቶ ያየችው ገና በልጅነቱ፣ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ጊዜ ነው። ያኔ ለእማዬ አትንገሪ ብሏት ነበር፤ እሷም አልተናገረችም። እናታቸው ግን ያወቀችው ኤባ ራሱ አልቅሶ ሲነግራት ነው።

«ምነው ዝም አልሽ? ስምንት መቶ አይልም?» አለ አባቷ።

«አባዬ» አለች ሜርሲ፣ «በኛ ቤት የሚያነበው ሾፌር ነው። እማዬ ትጽፍ ነበር እንጂ አንብባ አታውቅም።»

ጃልደሳ ጮጮውን እንደያዙ ወደሷ ዞሩ። ቱፋ ጥቂት አሰበና ከሰባት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እውነቷን ነው» አለ። «ከእንግዲህ ሾፌሩ አንተ ነህ፣ ኤባ። ና አንብብ፤ እሷ ትጻፍ።»

ኤባ በመኪናው ፊት ዞሮ መጣ። ወተት የጠጣውን አፈር ላለመርገጥ እርምጃውን አሰፋ። በአባቱ ትከሻ ላይ ጎንበስ አለ፤ ዳንቴሉ ጉንጩን ነካው። ቀና ብሎ ሜርሲን አያት። ሜርሲ ብዕሩን ባዶው ቦታ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። ፊቷን አላጠቆረችም፤ ዓይኗንም አልነቀለችም።

ከድንኳኑ በኩል የሕፃን ልቅሶ ተሰማና ጸጥ አለ።

«አንድ ሺህ» አለ ኤባ።

መሪው ላይ ይንቀሳቀሱ የነበሩት የአባታቸው ጣቶች ቆሙ።

ሜርሲ አንድን ጻፈች። ብዕሯን ከወረቀቱ ሳታነሣ፣ ወንድሟ ቀሪውን እስኪያነብ ጠበቀች።